ቅጠል የሚያስተዳድሩት አለቃ ዳልሱ

በአገራችን በኮሪያ የትኛውም ሰፈር ሦስት ነገር አይጠፋበትም፤ ዶሮ ጥብስ ቤት፣ ላውንደሪና ቅጠል የሚያስተዳድር ሰው። እኛ ሰፈር፣ ዴጉ ከተማ፣ ዶሮ ጥብስ ቤቱ ጥጉ ላይ ነው። ላውንደሪው የእኔ ነው። ቅጠል የሚያስተዳድሩት ደግሞ ክቡር አለቃ ፕዮ ዳልሱ ናቸው።

ይህን ዓይነቱን ሰው ታውቁታላችሁ። ስሙ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል እንጂ ሰውዬው ያው ነው። ጡረታ ከወጣ ሰንብቷል። ሽንኩርት ሊገዛ ሲወጣ እንኳ በረዶ የሚረገጥበት ጫማ አድርጎ፣ ኪሱ የማያልቅ ሱሪ ለብሶ ነው። የነሐሴ ሙቀት በረድ ሲል ሌላው ሰው እፎይ ብሎ መስኮቱን ይከፍታል፤ እሱ ግን ሰማዩን አንጋጦ እያየ ይጨነቃል። ጭንቀቱ አንድ ነው፤ ዘንድሮ ዳንፑንጉ፣ ማለትም የመኸሩ ቀይ ቅጠል፣ በየትኛው ተራራ፣ በየትኛው ቅዳሜ ነው የሚያምረው? ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ቀልቶና ወርቅ መስሎ የሚቆይባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። እነዚያ ቀናት ያለ እሱ ፈቃድ የሚመጡ አይመስሉትም።

እኛም እንዲህ ዓይነቱን ሰው አምነን እንከተላለን። የንጋት ኮከብ የተራራ ማኅበር ብለን ተሰባስበን፣ አለቃ ዳልሱን መሪ አድርገን፣ በየዓመቱ መኸር ሲመጣ ተራራውንም ቀኑንም እንዲመርጡልን ለቀንላቸዋል። በማኅበራችን ደንብ መሪው ከፊት ይሄዳል። አንድ ሰው ደግሞ ከሁሉም ኋላ ሆኖ፣ የደከመውን እያባበለና የወደቀ ባርኔጣ እየለቀመ ይመጣል። ይህ ሰው ጭራ ይባላል። ጭራዋ እኔ ኢንሱክ ነኝ። ሹመቱን ያገኘሁት በችሎታ አይደለም። ድሮም ከሁሉ ኋላ ነበር የምደርሰው፤ አለቃ ዳልሱ አንድ ቀን "መቅረትሽ ካልቀረ ሹመት ይኑርሽ" ብለው ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ።

የአለቃን የአመራረጥ ጥበብ ላስረዳ። የአየር ትንበያውን ያያሉ፤ አያምኑትም። ጋዜጣ ላይ የሚወጣውን የዳንፑንግ ካርታ ያያሉ፤ "ይሄ ለተራው ሕዝብ ነው" ብለው ያጥፉታል። ከዚያ ወደ ሚስጥራዊ የመረጃ ምንጫቸው ይደውላሉ። ምንጩ ከሶራክ ተራራ ሥር የቶፉ ምግብ ቤት ያላቸው ሴትዮ ናቸው።

"እሜቴ፣ ቅጠሉ እንዴት ነው?" ይላሉ አለቃ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"ኧረ እንደዚህ አምሮ አያውቅም። ስንት ሆናችሁ ነው የምትመጡት?" ይላሉ ሴትዮዋ።

በሚያዝያ ቢደውሉላቸውም መልሳቸው ይኸው ነው።

አንድ ዓመት በዚህ የተጣራ መረጃ ተመርተን ሶራክ ሄድን። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን፣ አውቶቡስ ውስጥ ዘፍነን፣ እንቁላል ልጠን ደረስን። ተራራው ከሥር እስከ አናቱ የጎመን ማሳ ይመስል ነበር። አንድ ቅጠል እንኳ ለይሉኝታ አልቀላም። አለቃ ዳልሱ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቆመው አዩት። እኛም ምን ይሉ ይሆን ብለን አፍ አፋቸውን አየን።

"አረንጓዴም እኮ ቀለም ነው" አሉ።

በሚቀጥለው ዓመት ከመቅደም መዘግየት ይሻላል ብለው ጂሪ ተራራ ወሰዱን። ዋዜማውን የነፈሰው ነፋስ አንዲት ቅጠል አላስቀረም፤ ዛፉ ሁሉ መጥረጊያ ሆኖ ጠበቀን። አለቃ ዘወር ብለው፣ "ወደ ታች እዩ፤ ዘንድሮ አንገታችሁም አያምም" አሉን። ቀኑን ሙሉ መሬት መሬት እያየን ዋልን። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ቀኑንም ተራራውንም አገኙት፤ ናጃንግ ነበር፣ ልክ በሚያምርበት ቅዳሜ። ጥፋቱ ያንኑ ቅዳሜ አገሩ በሙሉ መምረጡ ነው። መንገዱ ላይ የምናውቀውን ዘፈን ጨርሰን፣ የማናውቀውን ጀምረን፣ ሾፌሩ ሙዚቃውን ሲያጠፋብን ገና መኪና ማቆሚያው ጋ አልደረስንም። ተራራው ላይ ያየነው የሰው ጀርባ ነው፤ ቀይ ጃኬት፣ ብርቱካናማ ጃኬት፣ ቢጫ ጃኬት።

"ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ካያችሁት ልዩነት የለውም" አሉ አለቃ።

እንዲህ ዓይነት መሪ ለምን አይወርድም ትሉ ይሆናል። እኛም በየዓመቱ እንላለን። ግን ሽቅብ ስትወጡ፣ ትንፋሻችሁ ሲያጥር፣ ለመመለስ ልባችሁ ሲከጅል፣ አለቃ ዳልሱ ከፊት ዞር ብለው ግማሽ ኪያር እየዘረጉ፣ "ደርሰናል፤ ከመታጠፊያዋ ጀርባ ነው" ይላሉ። ውሸት ነው። ከመታጠፊያዋ ጀርባ ሌላ መታጠፊያ አለ። ይህን ውሸት እርሳቸው አልፈለሰፉትም፤ የአገር ውሸት ነው። በእኛ አገር የሚወርድ ሰው ለሚወጣ ሰው እውነቱን ቢነግረው ባለጌ ይባላል። አለቃ ግን እንደ ማንም ሰው አይሉትም። ራሳቸውም አምነውት ነው የሚሉት፤ ኪያሩም ቀዝቃዛ ነው፤ እግር ሳይወድ በግዱ ይነሣል።

አለቃን ይህን ውሸት ያስተማሯቸው የማኅበራችን ታላቅ እትዬ ማልሬ ናቸው። እትዬ ማልሬ ወደ ሰማንያ እየተጠጉ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ገበያ ውስጥ ደረቅ ዓሣ ሲሸጡ ኖረው፣ እሑድ እሑድ ተራራ ሲወጡ የኖሩ ሴት ናቸው። አለቃ ገና ጎረምሳ ሳሉ የመጀመሪያውን ተራራ ያስወጧቸው እርሳቸው ናቸው። "ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ሕፃን አልቅሶብኛል" ይላሉ። አለቃ በበኩላቸው ላብ ነበር ይላሉ።

ባለፈው መስከረም መጨረሻ ዶሮ ጥብስ ቤቱ ተሰብስበን የዘንድሮውን ተራራ ስንነጋገር እትዬ ማልሬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

"ሐኪሙ ሁለቱንም ጉልበቴን ቆርጦ ብረት ሊያስገባልኝ ነው። ቀጠሮው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሜዳ ብቻ ነው የምትሄጂው ብሎኛል" አሉ። ከዚያ ወደ አለቃ ዞሩ። "ዳልሱ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ጎመን አሳየኸኝ። መጥረጊያ አሳየኸኝ። የሰው ጃኬት አሳየኸኝ። ይሄ ጉልበት የቀረው አንድ መኸር ነው። ቀዩ መሀል በእግሬ መቆም እፈልጋለሁ።"

ሁላችንም ሳህን ሳህናችንን አየን። ኖ ቴጉን፣ የማኅበራችን ወጣት፣ ወጣት ስል ሃምሳ ያልሞላው ማለቴ ነው፣ ስልኩን አወጣ።

"እትዬ፣ ምን አስጨነቀዎት? በሽቦ የሚሄደው መኪና አለ አይደል እንዴ። ቁጭ ብለው አናቱ ላይ ይደርሳሉ።"

"በሽቦ የሚንጠለጠል ደረቅ ዓሣ ነው" አሉ እትዬ ማልሬ።

አለቃ ዳልሱ አጥንት የቀረበትን ሳህን አንሥተው ወደ ማድ ቤት ወሰዱት፤ ምግብ ቤት ውስጥ መሆናችንን የረሱ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ ጠባያቸው ተለወጠ። መጀመሪያ ጥቅምት መግቢያ ላይ ቀን ቆረጡልን። ቀኑ ሲደርስ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሉ። ያ ሲደርስ አሁንም ትንሽ ቆዩ አሉ። የት ነው የምንሄደው ስንላቸው በጣታቸው ወደ ሰሜን ያሳያሉ፤ ሰሜን ሰፊ ነው። ሶራክ ቀልቶ አልፎ ረገፈ። የሌሎች ማኅበራት ፎቶ በየስልካችን ገባ፤ ሁሉም ቀይ ዛፍ ሥር ቆመው ሁለት ጣታቸውን ቀስረዋል። ኖ ቴጉን በየማለዳው ለማኅበሩ ሁሉ ይልክልናል። ሥሩ ምንም አይጽፍም፤ እሱ ነው የሚያናድደው።

እኔ ግን ላውንደሪ ስላለኝ ሌላው የማያየውን አያለሁ። አለቃ ዳልሱ በሥራ ቀን ሱሪ ያመጡ ጀመር። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው፤ ጨጎጊት እንደ ቁልፍ ተሰድሮበታል።

"አለቃ፣ የት ወድቀው ነው?" አልኳቸው።

"አትክልት ቦታ ነበርኩ።"

"አትክልት ቦታ የለዎትም እኮ።"

"ልገዛ እያየሁ ነው። ለቅዳሜ ይድረስልኝ።" እንዲህ ብለው ሄዱ። ሲሄዱ ትንሽ ያነክሱ ነበር።

በመጨረሻ ቀን ተቆረጠ። ተራራው ማንም ስሙን ሰምቶት የማያውቅ፣ ከአንድ ግድብ ጀርባ ያለ ተራራ ነው። ከመሀላችን አንዷ ልጇ አንደኛ ደረጃ ሳለ ከትምህርት ቤት ለሽርሽር የተወሰደበት ቦታ መሆኑን አስታወሰች። ኖ ቴጉን ይህን ሲሰማ አልቻለም። "እኔ ናጃንግ እሄዳለሁ። የመጨረሻው ደህና ቅዳሜ ነው። እውነተኛ ዳንፑንግ ማየት የሚፈልግ ይከተለኝ" አለ። ከማኅበሩ እኩሌታው ተከተለው። የቀረነው ለእትዬ ማልሬ ስንል የቀረንና ለመሳቅ የቀረን ነን። እኔ ሁለቱንም ነበርኩ።

ግማሽ ባዶ አውቶቡስ ያሳዝናል። ማንም ሊዘፍን አልተነሣም። የአለቃ ባለቤት በባሕር ቅጠል የጠቀለሉት የሩዝ ኪምባፕ ተርፎ ለሾፌሩ ሁለት ጊዜ ተሰጠው። ግድቡ ጋ ስንደርስ ተራራው በመስኮት ታየ፤ አናቱ ራሰ በራ ነው። ግራጫ ቅርንጫፍ ብቻ።

"መጥረጊያ" አለ አንዱ ከኋላ።

እትዬ ማልሬ ተራራውን አዩት፤ ከዚያ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉ። እኔ አለቃን ለማነቅ ሁለት ወንበር ነበር የቀረኝ።

ከአውቶቡሱ ስንወርድ አለቃ ዳልሱ ፊታችን ቆሙና፣ "ዛሬ አናቱ ላይ አንወጣም" አሉ። በማኅበራችን ታሪክ እንዲህ ተብሎ አያውቅም። አናት ላይ ያለውን ድንጋይ ሳይነካ፣ አጠገቡ ፎቶ ሳይነሣ የተመለሰ ሰው እኛ ዘንድ ተራራ ወጣሁ አይልም፤ ቢያፍር ነው የሚሻለው። አንዷ አለቃን ግንባራቸውን ነክታ፣ ትኩሳት አለ እንዴ አለቻቸው።

መንገዱ በጅረት ዳር ለስለስ ብሎ የሚወጣ ነው። ጥድ በጥድ ስለሆነ ጨለም ይላል። እትዬ ማልሬ በሁለት ምርኩዝ፣ አንድ እርምጃ ተራምደው አንዴ ቆም እያሉ ይሄዳሉ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። እኔ እንደ ደንቡ ከኋላቸው ነኝ። ከፊት የአለቃ ድምፅ በየጊዜው ይመጣል፤ "ደርሰናል፤ ከመታጠፊያዋ ጀርባ ነው።" አልፈን እናያለን፤ ጥድ ነው። ሌላ መታጠፊያ፤ አሁንም ጥድ። እትዬ ማልሬ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ኢንሱክ፣ እኔስ እዚህ ይበቃኛል።"

"ትንሽ ይረፉና እንሄዳለን።"

"አይ ልጄ። ቅጠሉ ከላይ አልቋል፤ አይተሽዋል። ጥድ ደግሞ አይቀላም። ዳልሱ አሁንም ስቶታል።" ምርኩዛቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት። "እንዳትነግሪው። ኪያሬን በልቼ ደስ ብሎኝ ነበር እላለሁ፤ ከዚያ እንወርዳለን። ብዙ ለፍቷል ምስኪን።"

ስቶታል ብለው ቢሰድቧቸው ይሻለኝ ነበር። ዓሣ በሚቸረችሩበት አንደበት ዘርጥጠዋቸው ቢሆን እኔም አግዛቸው ነበር። እንዳትነግሪው ሲሉኝ ግን ፊሽካዬን አንሥቼ ባለኝ ኃይል ነፋሁ።

መሪ ወደ ኋላ አይመለስም። ያን ዕለት ተመለሱ። አለቃ ዳልሱ ቁልቁል እየሮጡ መጡና እትዬ ማልሬ ፊት ቁጢጥ አሉ። ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

"እትዬ፣ ደርሰናል እኮ። ከመታጠፊያዋ ጀርባ ነው።"

"ዳልሱ፣ ይሄን ውሸት ማን አስተማረህ?"

"እርስዎ።"

"ታዲያ ለኔው መልሰህ ትሸጥልኛለህ?"

"አሁን እውነት ነው።"

"ውሸቱም ሲባል እኮ እውነት ነው እየተባለ ነው።"

አለቃ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እንዲያ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም፤ የሚቀልዱበት ነገር አጥተው ነበር። "እትዬ፣ ቀለሙ ከአናት ተነሥቶ ነው ወደ ታች የሚወርደው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ሰው ሁሉ ወጥቶ ነው የሚይዘው። እርስዎ መውጣት ካልቻሉ እሱ ይውረድልን ብዬ ጠበቅሁት። እርስዎ እዚህ ድረስ እንደሚችሉ ለክቻለሁ፤ እንደ እርስዎ እያነከስኩ ሄጄ ነው የለካሁት። ሌላው ተራራ ላይ መንገዱ ገደል ነው። እዚህኛው ላይ ግን ቅጠሉም እርስዎም እኩል የምትደርሱበት ቦታ አለ። ትናንት እዚያ ነበር። ነፋስ ከተነሣ ነገ አይኖርም።"

እትዬ ማልሬ ምርኩዛቸውን ከጭናቸው አነሡ።

"ትናንት መጥተህ ነበር?"

"ሽንኩርት ልገዛ ወጥቼ ነው።"

"አንሣኝ" አሉ እትዬ ማልሬ፣ እጃቸውን ዘርግተው።

መታጠፊያዋን በአለቃ ክንድ ተደግፈው አለፉ። ጥዱ እዚያ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ አሮጌ የቡድሃ ገዳም አለ፤ የድንጋይ አጥሩን ተከትሎ፣ ጅረቱን ግራና ቀኝ ይዞ ሸለቆው ይከፈታል። ቃል አጣሁ አልልም፤ ቃል አለኝ። ቀይ ነበር። ከላይ ቀይ፣ ከሥር ቀይ፣ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ቀይ፤ ፀሐይ ሲያልፍበት የሰዉ ፊት ሁሉ የቀላ። ቀድመው የደረሱት የማኅበራችን ሰዎች፣ ለመሳቅ የመጡት ጭምር፣ ዛፉ ሥር ቆመው አንድም ፎቶ የሚያነሣ አልነበረም።

እትዬ ማልሬ ሁለቱንም ምርኩዝ ሰጡኝ። የአለቃን ክንድም ለቀቁ። ትልቁ ዛፍ ሥር ገብተው፣ እግራቸውን ሰፋ አድርገው፣ በራሳቸው ቆሙ። ትከሻቸው ላይ ቅጠል ወደቀ፤ አላራገፉትም።

"ዳልሱ" አሉ።

"አቤት።"

"ይሄ አረንጓዴ አይደለም።"

አለቃ ዳልሱ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያጠብቁ ጀመር። ክሩ አልተፈታም ነበር። እኔም የያዝኩትን ምርኩዝ በእጅጌዬ ስወለውል ቆየሁ፤ ምኑ ቆሽሾ እንደሆነ አላውቅም። ያን ቀን ስለ አናቱ ያነሣ ማንም አልነበረም። የሩዝ ጠላው ማኮሊ ተቀዳ፤ ኪምባፑ አለቀ። ኖ ቴጉን ከናጃንግ መንገድ ላይ አንድ ፎቶ ላከልን፤ የአውቶቡስ ጀርባ ነው፣ ከፊቱ ሌላ የአውቶቡስ ጀርባ። አሁንም ሥሩ ምንም አልጻፈም።

ስንወርድ ሁለት ፍቅረኞች እያለከለኩ ሲወጡ አገኘናቸው። "እማማ፣ አናቱ ሩቅ ነው?" አለች ልጅቷ። እትዬ ማልሬ አለቃን አዩ፤ አለቃ ሰማይ ሰማይ አዩ።

"ኧረ ደርሳችኋል" አሉ እትዬ ማልሬ፣ "ከመታጠፊያዋ ጀርባ ነው።" አለቃም ከኪሳቸው ኪያር አውጥተው ለሁለት ከፈሉላቸው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ እትዬ ማልሬ በአዲሱ ጉልበታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚራመዱበት ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። ባለ አራት እግር ብረት ተደግፈው ከአልጋቸው ተነሥተዋል። ሕመሙ ላብ አስመጥቷቸዋል፤ በቃኝ መልሱኝ እያሉ ነው። ነርሷ ትለምናለች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ የግሉኮሱን መስቀያ ያዝኩ። ያኔ ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ ሰው አየሁ። በረዶ የሚረገጥበት ጫማ፣ ኪሱ የማያልቅ ሱሪ፣ ባርኔጣ። የተራራ ምርኩዙን ዘበኞቹ በር ላይ ቀምተውታል።

"እትዬ" አሉ አለቃ ዳልሱ፣ በሽተኛው ሁሉ እስኪሰማ። "ደርሰናል፤ ከመታጠፊያዋ ጀርባ ነው።"

"ውሸታም" አሉ እትዬ ማልሬ፣ ብረቱንም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፉት።

እኔ ይህን ሰውዬ እወደዋለሁ። ከርሞም ጎመን ቢያሳየኝ እከተለዋለሁ። መታጠፊያዋ ጋ ስንደርስ ከጀርባዋ ሌላ ረጅም ኮሪደር ነበረ። አለቃ ከፊት ሆነው ኪያር እየላጡ ሄዱ፤ እትዬ ማልሬ እየተራገሙ ተከተሏቸው፤ እኔም ግሉኮሱን ይዤ፣ እንደ ደንባችን፣ ከሁሉም ኋላ መጣሁ።